ዛፏ የላከቻቸው ሽማግሌዎች

ባለፈው እሑድ፣ ምሳ ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ፣ ሾፌር ወንድይፍራው ሶፋው ላይ ጋደም ባለበት ሕልም አየ። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም የሚሉ አሉ። እኔም ልፈታው አይደለም፤ እንደነገረኝ ላወራው ነው። ከራሴ ምንም አልጨመርኩም ብዬ ግን አልምልም።

መጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው። ወንድይፍራው ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአዲስ አበባ ደሴ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። አሁን ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሚስቱ ከስመኝ ጋር ይኖራል። ከሦስት ወር ወዲህ ደግሞ አንድ ሐሳብ ይዞታል። ያንን አራት መቶ ኪሎ ሜትር በእግሩ፣ ያውም ብቻውን፣ ሊሄደው ቆርጧል።

ለምን ሲሉት መልሱ አጭር ነው። «ጣርማበርን አልፈህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ፣ ከአንዱ መታጠፊያ ሥር አንዲት ወይራ አለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አይቻታለሁ። ቆም ብዬ ጥላዋ ሥር ልቀመጥ ባሰብኩ ቁጥር ስልሳ ሰው ከኋላዬ ‹ንዳው እንጂ!› ይለኛል። አሁን ከኋላዬ ማንም የለም።» አብሬህ ልሂድ ያሉትን ሁሉ የመለሰውም ለዚሁ ነው። አንድ ሰው እንኳ ከኋላው ካለ ንዳው ማለቱ አይቀርም ብሎ ያምናል።

ዝግጅቱ የዋዛ አልነበረም። ከመርካቶ የገዛውን ከስክስ ጫማ እንዲለምደው ብሎ ቤት ውስጥ አድርጎት ይውላል፤ አንዳንዴም አድርጎት ይተኛል። በየጠዋቱ አሥራ አንድ ኪሎ የሚመዝን ቦርሳ አዝሎ ደረጃውን ስምንት ጊዜ ይወጣል፣ ስምንት ጊዜ ይወርዳል። ቦርሳው ውስጥ በሶ፣ በቅቤ የታሸ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የዝናብ ልብስና ሦስት ጥንድ ካልሲ አለ። የጥርስ ብሩሽ ይከብዳል ብሎ በመፋቂያ ለውጦታል። ስመኝ ይህን ሁሉ አይታ ያለችው ነገር ቢኖር «ሂድ፤ ቢያንስ አንድ ወር ሪሞቱ በእጄ ይገባል» ብቻ ነው።

ሰፈሩም መጀመሪያ አልተጨነቀም ነበር። «የግሸን ስለት አለበት» ተባለና ተመረቀ። እሱ ግን ዋሽቶ ዝም ማለት ሲችል «ስለት እንኳ የለብኝም» አለ። ነገር የተበላሸው ያኔ ነው። በእኛ ሰፈር ስለት ላለበት ሰው አራት መቶ ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ ጽድቅ ነው፤ ስለት ለሌለበት እብደት ነው። ልጁ ሰናይት መድኃኒት ቤት ትሠራለችና ስለ ጉልበት በደንብ ታውቃለች፤ ስትሰማ አለቀሰች። «አባዬ፣ የግራ ጉልበትህን እኔ ነኝ የማውቀው። እዚያ ገደል ላይ ብቻህን ብትወድቅ ማን ያነሣሃል?» አለችው። ሊያባብላት ሞከረ፤ አልተባበለችም። በመጨረሻ እንባዋን ጠርጋ «እኔን እምቢ በለኝ። እምቢ የማትላቸውን እልክብሃለሁ» ብላ ሄደች።

ይህች ንግግር አጥንቱ ድረስ ገባች። ወንድይፍራው በዕድሜው ሽማግሌ መልሶ አያውቅም። እድር ቤት ውስጥ የተጣላውን ሰው፣ የሰረቀውን ተሳፋሪ፣ ፍሬቻ ሳያሳይ የገጨውን ሚኒባስ ሳይቀር ሽማግሌ ሲመጣ እሺ ብሎ ይቅር ብሏል። መነሻው ሰኞ ጠዋት ነው። እሑድ ምሳውን በልቶ፣ ከስክስ ጫማውን እንዳደረገ ጋደም ሲል የፈራው ገደሉን አልነበረም፤ የበሩን መንኳኳት ነበር።

ዓይኑን ከደነና መናኸሪያ ደረሰ።

የሚያውቀው መናኸሪያ ነው። የተሰለፉት ግን አውቶቡሶች ነበሩ። ትኬታቸውን በዝናብ መጥረጊያቸው ይዘው፣ እየተጋፉ ተራ ይጠብቃሉ። ሰዎቹ ደግሞ የሚሄዱበትን ከተማ ስም ደረታቸው ላይ ለጥፈው በየመስመራቸው ቆመዋል። አንዲት ደልደል ያለች ሴትዮ «ጅማ» የሚል ለጥፋ፣ ሁለት ሚኒባስ በአንቀልባ አዝላ እያባበለች ወጣች። አንድ ጎማ እየተንከባለለ «ደሴ! ደሴ! አንድ አውቶቡስ የቀረው!» ይላል። ወንድይፍራው ደረቱን ቁልቁል ቢያይ «ደሴ» ይላል።

ከሰልፉ ውስጥ ግራ ዓይኑ የጠፋ ያረጀ አውቶቡስ ወጣ። የራሱ አውቶቡስ ነበር።

«አንተ ነህ እንዴ የምታደርሰኝ?» አለው አውቶቡሱ፣ ቅር ብሎት።

«እኔ ነኝ መሰለኝ።»

«ፍሬንህ ይይዛል?»

«ጉልበቴን ማለትህ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።»

«እንግዲህ አንዴ ተሳፍረናል፤ እግዜር ያውቃል» አለና ጀርባው ላይ ወጣ። ሲመዘን አሥራ አንድ ኪሎ ነበር።

ወንድይፍራው መንገድ ጀመረ። አምስት እርምጃ ሳይሄድ አውቶቡሱ ከጀርባው «ንዳው እንጂ! ምን ታንቀላፋለህ?» አለ። ትንሽ ሄዶ ዳገቱ ሲበረታ አፉን ከፍቶ ተነፈሰ። «አፍህን ዝጋ! ነፋስ መታኝ!» አለው። አፉን ዘጋ። «ታፈንኩ!» አለው። ከፈተ። «ሾፌር፣ ሽንቴ መጥቷል፣ አቁም!» አለው። ወንድይፍራው በሥራ ዘመኑ «ትንሽ ቻሉ፣ ደረስን» ብሎ ያለፋቸውን ሰዎች ሁሉ አስታወሰና ከልቡ አዘነ። ቆመለት። አውቶቡሱ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሄዶ ዘይት አፍስሶ ተመለሰ።

እንደዚህ እየሄዱ ሳለ አንድ እንቁላል በእግሩ ደረሰባቸው። ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ ላብም አልነካውም።

«ቀስ በቀስ ነው፣ ወንድሜ» አለና ቀድሟቸው አለፈ።

ኬላው ላይ ገመዱን የያዘው ትራፊክ አንድ ነጭ አውራ ዶሮ ነበር። እንቁላሉን ሲያይ ኮፍያውን አንሥቶ እጅ ነሣና አሳለፈው። ወንድይፍራውን ግን አስቆመው።

«ፈቃድ!»

መንጃ ፈቃዱን አወጣለት።

«ይሄ መኪና የምትነዳበት ነው። በእግርህ ብቻህን የምትሄድበት የታለ?»

«እሱን ደግሞ ማን ነው የሚሰጠው?»

«ልጅህ ናታ!»

«እሷ ከሆነች ቀርቻለሁ በለኛ» አለ ወንድይፍራው።

ዶሮው ደብተር ገለጠ። «ዕድሜ?»

«ስልሳ ስምንት።»

«እንጭጭ!» ብሎ ሳቀ ዶሮው። «ከሰማንያ በታች ያለ ሰው ብቻውን በእግሩ አይሄድም። እስከዚያ ይታዘላል።» ወንድይፍራው ዞር ሲል እውነትም የዘጠና ዓመት አዛውንቶች እየሮጡ ያልፋሉ፤ ጀርባቸው ላይ የታዘሉት ወጣቶች ስልካችንን ስጡን እያሉ ያለቅሳሉ። አንዷ አሮጊት ገመዱን ዘላ ስታልፍ ነጠላዋ እንኳ አልወደቀም።

«እንቁላሉስ? እሱ ሰማንያ ሞልቶታል?» አለ ወንድይፍራው ተናድዶ።

«ስለ አባቴ በአክብሮት ተናገር!» አለ ዶሮው፤ ማኩረፉ ከላባው ያስታውቅ ነበር። «ለማንኛውም ጉልበትህ ይመርመርና ተመለስ።»

አውቶቡሱ «ወይ የኔ ዕጣ!» እያለ ወረደና ሌላ ሰው ሊሳፈር ሄደ።

ክሊኒኩ ኬላው ውስጥ ነበር። ወንድይፍራው ሊገባ ሲል ነርሷ ደረቱን ይዛ አስቆመችው። «አንተ ውጭ ጠብቅ። በሽተኛው ይግባ።» የግራ ጉልበቱ ከሱሪው ወጣ፤ አንከስ እያለ ገባና ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉም ነገር ይሰማል።

«ምንህን ነው የሚያምህ?» አለ ሐኪሙ።

«ሰውየዬን ነው የሚያመኝ» አለ ጉልበቱ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፍሪሲዮን ያስረግጠኝ ነበር። ጣርማበር ላይ በጭጋግ፣ ሸዋሮቢት ላይ በሙቀት፣ ረገጥኩ፣ ለቀቅሁ፣ ረገጥኩ፣ ለቀቅሁ። አንድ ቀን እንኳ መሬት አልረገጥኩም። ጡረታ ወጣን ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወስዶ ሶፋ ላይ ጣለኝ። ሦስት ወር ይሆነኛል ደረጃ ማየት ከጀመርኩ። እንዳያስቀሩት እፈራለሁ።»

«ሌሊት ይሰማሃል?»

«እሱ ሲፈራ ይሰማኛል።»

ሐኪሙ ጻፈለት። «ሰውየውን በቀን ሦስት ጊዜ ቅባው፤ ሙቅ ነገር ጣል አድርግበት፤ ብዙ አታስቀምጠው።» ጉልበቱ የቅባቷን ቆርቆሮ ተቀብሎ ወጣና ወንድይፍራውን ግንባሩን ቀባው። ወንድይፍራው ለዚህ ጉልበት ስንት ዓመት ክፉ ስም ሲሰጠው እንደኖረ ትዝ አለውና ይቅርታ ሊጠይቀው አፉን ሲከፍት ክሊኒኩ የራሱ ሳሎን ሆነ።

ሳሎኑ ለሠርግ የተሰናዳ ይመስላል። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ስመኝ የክት ልብሷን ለብሳ፣ እንደ ሙሽራ እናት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሰናይት የአባቷን ካፖርት ደርባ፣ ሪዝ አብቅላ፣ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወንድይፍራው ራሱ ከመጋረጃው ጀርባ ተሸሽጓል። ራሱ ላይ ነጭ ሻሽ ተከናንቧል፤ ከመጋረጃው ሥር የሚታየው ከስክስ ጫማው ብቻ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። አንዱ «ደሴ 218» የሚል የተጻፈበት የኪሎ ሜትር ድንጋይ ነው። አንዷ አህያ ናት፤ ጋቢ ለብሳለች። ሦስተኛው የጣርማበር ጭጋግ ነው፤ እሱስ ጋቢም አላስፈለገው። በሩ ጋ በተርታ ቆሙ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች ሰናይት በወፍራም ድምፅ።

«አንቀመጥም» አለ ድንጋዩ። «የመጣንበትን ሳናገኝ አንቀመጥም። ከመታጠፊያው ሥር ያለችው ወይራ ልካን ነው። አባታችሁን ስጡን፤ ዘመድ እንሁን።»

ስመኝ ተንሰቀሰቀች፤ ለቅሶዋ የደስታ ነበር። ሰናይት ሪዟን አሻሸች። «ዘሯ ይቆጠር» አለች። «ሥጋ እንዳንሆን።»

«እናቷ ወይራ» አለች አህያዋ። «አያቷ ወይራ፣ ቅድመ አያቷ ወይራ፣ ምንጅላቷም ወይራ።»

«በአባዬ ወገን ዛፍ አለ?» አለች ሰናይት ወደ እናቷ ዞራ።

«የአባትሽ አጎት ትንሽ ድርቅ ያሉ ነበሩ» አለች ስመኝ አሰብ አድርጋ። «ግን እስከ ዛፍ አይደርስም።»

ያኔ ጭጋጉ ተናገረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሳሎኑ ቀስ እያለ በጭጋግ ተሞላ። «ወይራዋ እንዲህ ብላለች። ‹ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፊቴ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ባለፈ ቁጥር አንገቱን ያዞራል። ጎማ ፈነዳ ብሎ እንኳ አንድ ቀን አልቆመም። ግንዴ ሥር አንድ ሰው የሚቀመጥባት ቦታ አለች፤ ለማንም አልሰጠኋትም።›»

ወንድይፍራው መጋረጃው ጀርባ ሆኖ አለቀሰ። በዕድሜው ይህን ያህል የጠበቀው ሰው አልነበረም። ተሳፋሪ የሚጠብቀው አውቶቡሱን ነው፤ ቤተሰብ የሚጠብቀው ደመወዙን ነው። ‹እሺ› ሊል ፈለገ። ነገር ግን ሙሽራ አትናገርም፤ ምላሱ ተያዘ።

«ልጃችን ገና ነው» አለች ሰናይት። «ጉልበቱም አልጠናም። ሌላ ቀጠሮ እንስጣችሁ።»

«ሌላ ቀጠሮ የለንም። እንቆማለን» አለ ድንጋዩ።

ቆሙ። ሰናይትም ለክብሯ ብላ ተነሥታ ቆመች። ጊዜው ሄደ። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። አህያዋ ቀስ ብላ ወደ መጋረጃው ተጠጋችና ጆሮዋን አስገባች።

«እስከ መቼ ልትቆሙ ነው?» አለ ወንድይፍራው በሹክሹክታ፤ ለአህያ ሲሆን ምላሱ ተፈታ።

«እኔ ቆሜ ነው የምተኛው፤ ለእኔ አታስብ» አለችው። «ምስጢሩን ልንገርህ፤ ከአህያ ሰማሁ ብለህ ግን እንዳታወራ። ሽማግሌ የሚያሸንፈው በአፉ አይደለም፤ በባቱ ነው። ቀድሞ የተቀመጠ ተረታ።»

ወንድይፍራው መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየ። የሰናይት ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ወንበር ስትፈልግ ወንበሮቹ በሙሉ ተነሥተው በሩ ጋ ተሰልፈዋል። ዞር ብላ አባቷን አየችው። ሪዙ ወልቆ ወድቋል፤ ፊቷ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የነበረው ፊቷ ነው። «አባዬ» አለች፣ «እሺ ካልኩህ ትመለ...»

በሩ ተንኳኳ።

«ወንድይፍራው! ተነሥ!» ስመኝ ትከሻውን ትነቀንቀዋለች። «ተነሥ እንጂ፣ ሽማግሌ መጥቶብሃል!»

ዓይኑን ገለጠ። ከስክስ ጫማው እግሩ ላይ ነው። በሩ ጋ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ ሦስቱም ያለከልካሉ፤ አራት ፎቅ ወጥተው ነው የመጡት። የነፍስ አባቱ መምሬ ወልደትንሣኤ፣ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ደርብ፣ ከዚያ አውቶቡሱን ሲጠግንለት የኖረው መካኒክ ጫንያለው።

«ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን» አሉ መምሬ።

«አሜን፤ ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ደርብ፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው። «ልጅዎ እያለቀሰች ልካን ነው። ነገ አልሄድም ይበሉን፤ ያኔ እንቀመጣለን።»

‹እሺ› የምትለው ቃል ከልማዷ የተነሣ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥታ ነበር። ወንድይፍራው ዋጣት። ጓዳ ገባና አሥራ አንድ ኪሎውን ቦርሳ አዝሎ ተመለሰ፤ ከሦስቱ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ሽማግሌ አልመልስም» አለ። «እናንተ ቆማችሁ ለምኑኝ፤ እኔም ቆሜ እሰማለሁ።»

ለመኑት። ስለ ገደሉ፣ ስለ ጅቡ፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ልጅ እንባ ነገሩት። ስለ ልጁ እንባ ሲነሣ ልቡ ተነካ፤ ጉልበቱ ግን አልተነካም። ሩብ ሰዓት ሲሞላ የጫንያለው ዓይን ሶፋውን ደጋግሞ ማየት ጀመረ። «ለአፍታ ነው» ብሎ ጠርዙ ላይ አረፍ አለ፤ ከዚያ አልተነሣም። ትንሽ ቆይቶ አቶ ደርብ የእድሩን ደንብ አንቀጽ ለማስታወስ መነጽር ያስፈልገኛል አሉና መነጽራቸውን ሊፈልጉ ተቀመጡ። የቀሩት መምሬ ወልደትንሣኤ ነበሩ። ወንድይፍራው የፈራው እሳቸውን ነው፤ ማኅሌት ሙሉ ሌሊት ቆመው የሚያድሩ ሰው ናቸው። ግን በጥድፊያ ሲወጡ መቋሚያቸውን ቤት ረስተውታል። በክንዳቸው ግድግዳውን ተደግፈው አርባ ደቂቃ ታገሉ። በመጨረሻ ወንድይፍራውን ከጫማው እስከ ቦርሳው በዓይናቸው ለኩት፤ ተንፍሰው ከሁለቱ መሐል ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ውኃ አለ?» አሉ ወደ ስመኝ። ከዚያ ወደ ወንድይፍራው ዞረው «ለመሆኑ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ነው ያሰብከው?» አሉት።

ወንድይፍራው ሳይመልስ ስልኩ ጮኸ። ስመኝ አነሣችው። ሰናይት ናት፤ ድምፅዋ እስከ ሶፋው ይሰማል።

«እማዬ፣ መጡ?»

«መጥተዋል።»

«ተቀመጡ?»

ስመኝ ሶፋውን አየች። «ሦስቱም ተቀምጠዋል።»

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» አለች ሰናይት፤ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ደንበኛ እያየ፣ እልልታዋን ለቀቀችው።

«እልልታውን ያዝ አድርጊው፣ ልጄ» አለች ስመኝ። «አባትሽ እንደቆመ ነው።»